የሳንቲም ሚዛን ምርጫ፦ ባለ 0.1፣ ባለ 0.01 ወይስ ባለ 0.001 ግራም?

አንድ ሞርጋን ዶላር ሦስት ሚዛን ላይ ተራ በተራ አስቀመጥኩ። የወጥ ቤቱ ሚዛን 27 አለ። ባለ 0.1 ግራሙ 26.6 አለ። ባለ 0.01 ደግሞ 26.58። ሦስቱም ልክ ናቸው። ግን ስለ ሳንቲሙ አንድ ቁም ነገር የነገረኝ የመጨረሻው ብቻ ነው።

ለምን ብትሉ፣ ይህ የአሜሪካ የብር ሳንቲም ሲመታ 26.73 ግራም እንዲመዝን በሕግ ተወስኗል። የሚፈቀድለት ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.097 ግራም ነው። ስለዚህ ከማተሚያው ገና የወጣ ሞርጋን ከ26.63 መውረድ የለበትም። 27 የሚለው ቁጥር ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። 26.6 የሚለውም ቢሆን ከ26.55 እስከ 26.65 ያለውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ስለሚያሳይ፣ ሳንቲሙ ከወሰኑ በላይ ይሁን በታች አያውቅም። 26.58 ግን «ከልኩ ጎድሏል፣ ምክንያቱን ፈልግ» አለኝ። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ሚዛን ከመግዛታችሁ በፊት እንግዲህ የምትሰበስቡት ሳንቲም ስንት ግራም መሆን እንዳለበትና ምን ያህል ልዩነት እንደሚፈቀድለት እወቁ። እኔ የምከተለው ደንብ ቀላል ነው። ሚዛኑ የሚያነበው ትንሹ ቁጥር የተፈቀደው ልዩነት አንድ አሥረኛ ይሁን። ለሞርጋን ልዩነቱ 0.1 ገደማ ነው፣ አንድ አሥረኛው 0.01። አለቀ። በዚህ መንገድ ካሰባችሁ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አትከፍሉም፣ የማይጠቅማችሁንም አትገዙም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመለየት ብቻ ከሆነ ባለ 0.1 ይበቃል

የወጥ ቤት ሚዛን በአንድ በአንድ ግራም እየዘለለ ነው የሚያነበው፣ ለሳንቲም አይሆንም። ባለ 0.1 ግን አንድ ሥራ በደንብ ይሠራል፤ መልካቸው አንድ ሆኖ የተሠሩበት ማዕድን የሚለያይ ሳንቲሞችን ከክምር ውስጥ ማውጣት።

የአሜሪካን 1 ሴንት ውሰዱ። እስከ 1982 ድረስ 95 በመቶ መዳብ ነበር፣ 3.11 ግራም ይመዝናል። በዚያው ዓመት ውስጥ መዳብ በተለበጠ ዚንክ ተተካና ወደ 2.5 ወረደ። ስለዚህ የ1982 ሴንት ሁለቱም ዓይነት አለው። በዓይን ለመለየት ከባድ ነው፣ ሚዛን ላይ ግን አንዱ 3.1 ሌላው 2.5 ይላል፣ ርካሹ ሚዛን እንኳ አይስተውም። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የዚያ ዓመት ሴንት በቀኑ ቁጥር ትልቅነትና ትንሽነት፣ በተመታበት ቦታና በማዕድኑ ሲከፋፈል 7 ዓይነት እንደሆነ ለብዙ ዓመታት ይታመን ነበር። በ2016 ግን ዴንቨር የተመታ፣ ቀኑ በትንሹ የተጻፈ፣ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ አንድ ሴንት ተገኘ። ስምንተኛ ዓይነት መሆኑ ነው። መዳብ ከዚንክ የሚለየው በሚዛን ስለሆነ፣ ያን ዓመት ያለ ሚዛን የሚፈትሽ ሰው እጁ ላይ ቢኖር እንኳ አያውቀውም።

ኳርተርም (የአሜሪካ ባለ 25 ሴንት) እንዲሁ ነው። እስከ 1964 የነበረው የብሩ 6.25 ግራም፣ ከ1965 ወዲህ ያለው የመዳብና ኒኬሉ 5.67። 1965 የሚል ቀን ኖሮት 6.25 የሚመዝን ካጋጠማችሁ አስቀምጡት። ካለፈው ዓመት በተረፈ የብር ክብ (ገና ምስል ያልተመታበት ብረት) ላይ በስሕተት የተመታ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ማየት አለበት።

እንዲህ ያለ ሥራ ከሆነ የምትሠሩት፣ በቀን በመቶ የሚቆጠር ሳንቲም የምታልፉ ከሆነ፣ ባለ 0.1 ፈጣን ነው፣ ቶሎ ይረጋል፣ ትንሽ ንፋስ አይረብሸውም። ለመግዛትና ለመሸጥ ግን አትመኑት።

ለአብዛኛው ሰው ባለ 0.01

የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ አቅሙ 100 ወይም 200 ግራም የሆነ። ሞርጋኑን ይመዝናል፣ ጠገራ ብሩን ይመዝናል፣ የአንድ አውንስ የወርቅ ሳንቲሞችንም ይመዝናል። አቅሙ 500 የሆነው ባለ 0.01 ለብዙ ነገር የሚጠቅም ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን የመጨረሻው አሃዝ ላይ ይበልጥ የሚዋዥቀው እሱ ነው። ሳንቲማችሁ 8 ወይም 30 ግራም ሆኖ ሳለ 500 ምን ያደርጋል?

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚያሳየው አሃዝና የሚናገረው እውነት አንድ አይደሉም። ሁለት አሃዝ ማሳየት ለፋብሪካው ቀላል ነው፣ ያን አሃዝ ደጋግሞ በትክክል ማሳየት ነው የሚከብደው። ስለዚህ ሚዛኑ እጃችሁ እንደገባ ይህን ሞክሩ። አንድ ሳንቲም አስቀምጡ፣ ቁጥሩን ጻፉ፣ አንሱት፣ መልሳችሁ አስቀምጡት። አሥር ጊዜ። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.02 ከበለጠ መልሱት። ቀጥሎ ሳንቲሙን ከመሃል ወደ አራቱም ማዕዘን እያዞራችሁ መዝኑ። ማዕዘን ላይ ሲሆን ቁጥሩ የሚቀየር ሚዛን ብዙ አለ፤ እንዲህ ከሆነ ሁልጊዜ መሃል ላይ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሌላም አለ። አብዛኛው የኪስ ሚዛን ባዶ ሲሆን ትንሽ ትንሽ ለውጥ ሲያይ «የተንሸራተትኩት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን ወደ ዜሮ ይመልሳል። ሳንቲም ላይ ብዙም አይጎዳም፣ ምክንያቱም ሳንቲም በአንድ ጊዜ ነው የሚያርፈው። ከሳንቲም ላይ የተፋቀ ቆሻሻ ወይም የተሰበረ ትንሽ ቁራጭ ለመመዘን ስትሞክሩ ግን ዜሮ ሊላችሁ ይችላል። መፍትሔው ከባድ ነገር አስቀድሞ አስቀምጦ ልዩነቱን ማንበብ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው አንድ ጊዜ ስለተሳሳትኩ ነው። የገዛሁት የብር ዶላር 0.12 ግራም ጎደለብኝ። ፎርጅድ ነው ብዬ ደመደምኩና ለሻጩ የማይገባ ነገር ጻፍኩለት። ማታ ላይ፣ ለነገሩ ያህል፣ ሌላ ዶላር መዘንኩ። እሱም 0.12 ጎደለ። ሦስተኛውም። ባለ 100 ግራም መለኪያ ክብደቴን አወጣሁና ሳስቀምጠው ሚዛኑ 99.56 አለኝ። ጎደሎው ሚዛኑ ላይ ነበር። ከገዛሁት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ካሊብሬት አድርጌው (በመለኪያ ክብደት አስተካክዬው) አላውቅም ነበር። ለሻጩ ይቅርታ ጻፍኩለት፣ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ሳላስቀምጥ አንድም ሳንቲም መዝኜ አላውቅም።

መለኪያ ክብደቱን አትርሱ

ከሚዛኑ ጋር እኩል አስፈላጊ ነው፣ ሰው ግን የሚረሳው እሱን ነው። ዲጂታል ሚዛን የሚለካው ሳንቲሙ ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። ያ ኃይል ደግሞ በምድር ላይ በየቦታው እኩል አይደለም። ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ድረስ ልዩነቱ 0.5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በሞርጋን ዶላር ላይ ስታሰሉት 0.13 ግራም ነው፣ ከተፈቀደው ልዩነት ይበልጣል ማለት ነው! ከፍታም ይቀንሳል፤ በየ1000 ሜትሩ 0.03 በመቶ ገደማ። ፋብሪካው ሩቅ አገር አስተካክሎ የላከው ሚዛን እናንተ ጋ ሲደርስ ትክክል ነው ብላችሁ አትመኑ። በምትመዝኑበት ቦታ ካሊብሬት አድርጉት።

መለኪያ ክብደቶች በደረጃ ይሸጣሉ። ኤም 1 የሚባለው ደረጃ በ100 ግራም ላይ 5 ሚሊግራም ብቻ እንዲሳሳት ይፈቀድለታል፣ ለባለ 0.01 ሚዛን ይበቃል። ለባለ 0.001 ግን ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 1 ያስፈልጋል። በእጅ አትንኩት፣ የጣት ላብ ከጊዜ ጋር ክብደቱን ይለውጠዋል።

አንዳንድ ሰው የአሜሪካ ባለ 5 ሴንት ልክ 5 ግራም ስለሆነ በሱ ሚዛናችሁን ፈትሹ ይላል። 5 ግራም መሆኑ እውነት ነው። የሚፈቀድለት ልዩነት ግን 0.194 ግራም ነው። ከ4.81 እስከ 5.19 ያለው ሁሉ ሕጋዊ ነው። በዚህ ሚዛን መፈተሽ በላስቲክ ሜትር ጨርቅ እንደ መለካት ነው።

በ100 ግራም ትክክል የሆነ ሚዛን በ8 ግራም ላይ ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ከሳንቲሙ ጋር የሚቀራረብ መለኪያ ሰብስቡ፤ ለዶላር 20፣ 5 እና 2 ሲደመሩ 27 ይሆናሉ። እነሱን መዝኑ፣ ወዲያው ሳንቲሙን መዝኑ፣ ልዩነቱን ከ27 ላይ ቀንሱ ወይም ጨምሩ። ሚዛኑ በዚያ አካባቢ የሚያጠፋው ጥፋት ሁለቱ ላይ እኩል ስለሚያርፍ ይጠፋፋል። ርካሽ ሚዛን በዚህ መንገድ ውዱን የሚጠጋ መልስ ይሰጣል።

ባለ 0.001 ለማን ነው?

ለትንንሽና ለወርቅ ሳንቲሞች። የእንግሊዝ ሶቨሪን ጥሩ ምሳሌ ነው። ክብደቱ 7.988 ግራም ነው። በ1870 የወጣው የሳንቲም ሕግ ለአዲስ ሶቨሪን የፈቀደው ልዩነት 0.013 ግራም ገደማ ብቻ ነበር። በሕጉ መሠረት አንድ ሶቨሪን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ተፍቆ ከ7.938 በታች ከወረደ ሕጋዊ ገንዘብነቱ ያበቃል። እዚህ ላይ ሁለቱን ጥያቄዎች ለዩ። «ተፍቋል ወይ?» ብላችሁ ከሆነ ልዩነቱ 0.05 ነውና ባለ 0.01 ይመልሳል። «አዲስ የተባለው ይህ ሶቨሪን በልኩ ነው ወይ?» ካላችሁ ግን ባለ 0.001 ብቻ ነው የሚመልሰው። የጥንት ትንንሽ የብር ሳንቲሞችም እንዲሁ። የአቴና ኦቦል 0.72 ግራም ገደማ ነው፣ በባለ 0.01 ሚዛን አንዷ የመጨረሻ አሃዝ ብቻዋን ከአንድ በመቶ ትበልጣለች።

ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ትንፋሻችሁ ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል። ጠረጴዛውን መደገፍ ያንቀሳቅሰዋል። ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሞቃት ሲገባ ግማሽ ሰዓት ያህል ካልተረጋጋ ቁጥሩ ይሸሻል፤ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ የነበረ ሳንቲም በኤሌክትሪክ ሙል ብቻ ሊያሳስተው ይችላል። ክዳን ወይም መከለያ የሌለውን አትግዙ። ከሁሉ በላይ አቅሙን እዩ። ብዙዎቹ ባለ 0.001 የኪስ ሚዛኖች 20 ወይም 50 ግራም ናቸው። የደቡብ አፍሪካው የወርቅ ሳንቲም ክሩገራንድ 33.93 ግራም ነው፣ ባለ 20ው ላይ አይመዘንም፤ ከአቅሙ በላይ መጫን ደግሞ ውስጡ ያለውን ስስ ብረት አጣሞ ሚዛኑን ለዘለቄታው ያበላሸዋል። ሁለት ሚዛን መያዝ፣ ባለ 0.01 ለትልልቁ ባለ 0.001 ለትንንሹ፣ አንድ ሁሉን ቻይ ከመፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ።

የላብራቶሪ ሚዛን፣ መስታወት ቤት ያለው ከባዱ፣ ግሩም ነገር ነው። ለጥንታዊ ሳንቲም ጥናት ካልሆነ ግን አያስፈልግም።

ባትሪ የማይበሉት

ሁለት ጎን ያለው የድሮው ሚዛን ዘመኑ አላለፈበትም። ክብደትን ከክብደት ጋር ስለሚያነጻጽር የምድር ስበት መለያየት አያሳስተውም፤ ስበቱ ሁለቱን ጎን እኩል ነው የሚጫነው። ካሊብሬት አይፈልግም፣ ባትሪ አያልቅበትም። ዘገምተኛ ነው፣ ጥራቱም ከጎን ባሉት መለኪያዎች ይወሰናል። ሰብስባችሁ የጨረሳችሁትን በሳምንት አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ የምትመዘግቡ ከሆነ ደስ ይላል።

የሶቨሪን መፈተሻ የሚባለውን ትንሽ የናስ ዥዋዥዌ ግን በልዩ እወደዋለሁ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነጋዴዎች ኪሳቸው ይይዙት ነበር። ሳንቲሙ በአንድ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱ በቂ ከሆነ ዘንጉ ይደፋል። ብልሃቱ ቀዳዳው ላይ ነው። ከርካሽ ማዕድን የተሠራ ፎርጅድ ክብደቱን ለማሟላት መወፈር ወይም መስፋት አለበት፣ ሲወፍር ደግሞ ቀዳዳው አያስገባውም። ክብደትን፣ ስፋትንና ውፍረትን በአንድ እንቅስቃሴ ይፈትሻል። ችግሩ ለአንድ ዓይነት ሳንቲም ብቻ መሠራቱና ከ«ያልፋል» እና «አያልፍም» በቀር ሌላ መልስ አለመስጠቱ ነው። ሐሳቡን ግን ውሰዱ። ዲጂታል ሚዛን የገዛ ሰው አጠገቡ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት መለኪያ) ያስቀምጥ። ክብደት ብቻውን ግማሽ መረጃ ነው።

ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ሲል

አሁን ሚዛናችሁ ትክክል ነው እንበል፣ ሳንቲሙ ግን ከተጻፈለት ክብደት ይለያል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው በችኮላ የሚፈርደው።

መጀመሪያ ዘመኑን እዩ። በጥንት ጊዜና በመካከለኛው ዘመን ብዙ ማተሚያዎች እያንዳንዱን ሳንቲም አይመዝኑም ነበር። ከአንድ ፓውንድ ማዕድን ስንት ሳንቲም መውጣት እንዳለበት ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ከሞላ ሥራው ልክ ነው። ሮማውያን ከአንድ ፓውንድ ብር 84 ዲናር ያወጡ ነበር፣ በኔሮ ዘመን 96 አደረጉት። ስለዚህ አንዱ ዲናር 3.2 ሌላው 3.6 ቢሆን ሁለቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ለእነዚህ ባለ 0.001 ሚዛን የሚጠቅመው ለመመዝገብ ነው፣ ለመፍረድ አይደለም። በእጅ ተቆርጠው የተመቱት የስፔን ባለ 8 ሪያሎች ልካቸው 27.47 ግራም ነበር፣ ግን መልካቸው የተንሻፈፈው ልካቸው ላይ እስኪደርሱ በመቀስ ስለተቆረጡ ነው።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ታለሮችና (የአውሮፓ ትልልቅ የብር ሳንቲሞች) በመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ዶላሮች ላይ ደግሞ ትይዩ የሞረድ መስመሮች ታያላችሁ። ብዙ ጀማሪ «ተጎድቷል» ብሎ ይጥላቸዋል። የሠራተኛው እጅ ሥራ ነው። ያልተመታው ክብ ከልኩ ከብዶ ከተገኘ በሞረድ ይፋቅ ነበር፣ ከጎደለ ተመልሶ ይቀልጣል። ያ መስመር ሚዛን በዚያ ክፍል ውስጥ እንደነበረ የሚመሰክር ምልክት ነው፣ እኔ ሳየው ደስ ይለኛል።

ጠርዙ የተላጨ ሳንቲም ሌላ ነው። በእንግሊዝ በመዶሻ የተመቱ የብር ሳንቲሞች ጠርዛቸው እየተላጨ እየተሸጠ ስለጎደሉ በ1696 በአንድ ላይ ተሰብስበው እንደገና እንዲመቱ ተደረገ፤ አይዛክ ኒውተን ወደ ማተሚያ ቤቱ የገባው በዚያው ዓመት ነው። ጠርዝ ላይ ጥርስ ወይም ጽሑፍ የሚደረገው ለጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የላጨ ሰው ወዲያው እንዲታወቅ ነው። ጠገራ ብር ጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ አለው። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ከሺሕ 833 እጁ ብር። ማርያ ቴሬዛ በ1780 ከሞተች በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ቀን እንደያዘ ተመቷል፣ ሁሉም በአንድ ልክ። ስለዚህ ሚዛን ጠገራው ሙሉ መሆኑን ይነግራችኋል፣ የት እንደተመታ ግን አይነግራችሁም። እሱን ጌጧንና ላባዎቹን በአጉሊ መነጽር ማየት ነው።

በማሽን የተመቱት ላይ እኔ እንዲህ ነው የማስበው። ቀሎ ከሆነና መፋቁ በዓይን ከታየ፣ ተስማምተዋል። ቀሎ ከሆነና ፊቱ ገና ስለታም ከሆነ፣ ችግር አለ። መቼም ያልተፋቀ ጠገራ 27.2 ሊመዝን አይገባም። ወይ ክቡ ሲዘጋጅ ሳስቷል፣ ወይ አሲድ በልቶታል፣ ወይ ፎርጅድ ነው። ከብዶ ከሆነ ግን ይበልጥ ጠንቀቅ በሉ። መፋቅ ክብደት አይጨምርም። ከልኩ የከበደ ሳንቲም ላይ የተጨመረ ነገር አለ፣ ወይም ከመጀመሪያው ሌላ ክብ ላይ ተመቷል። አንገት ላይ ይንጠለጠል የነበረ ሶቨሪን ቀለበቱ ሲነሳ ጠርዙ ላይ ብየዳ ይቀራል፣ ያ ይከብዳል። ጌጥ ነጋዴው አጥብቆ ሞርዶት ከሆነ ደግሞ ይቀላል። ከመሬት የወጣ የነሐስ ሳንቲም በዝገት ቅርፊት ይከብዳል፣ ለረጅም ዘመን የተቀበረ ብር ግን ውስጡ ተበልቶ ይቀላል።

ክብደት ጨርሶ የማይረዳባቸውም አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1945፣ የአሜሪካ ባለ 5 ሴንት ኒኬሉ ወጥቶ 35 በመቶ ብር ገባበት። ክብደቱ 5 ግራም ሆኖ ቀረ። ሚዛኑ ላይ ሁለቱ አይለዩም። የ1943ቱ የመዳብ ሴንት ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። በዚያ ዓመት ሴንት በዚንክ ከተለበጠ ብረት ነበር የሚሠራው፣ 2.7 ግራም ገደማ፤ ጥቂቶች ብቻ በስሕተት መዳብ ላይ ተመቱ፣ 3.11 ግራም። የብረቱን ሴንት መዳብ ቀብቶ የሚሸጥ ሰው በማግኔትና በሚዛን ወዲያው ይጋለጣል። የ1948ን መዳብ ሴንት 8ቱን ቆርጦ 3 ያደረገው ግን ማግኔቱንም ሚዛኑንም ያልፋል፣ ምክንያቱም ሳንቲሙ እውነተኛ መዳብ ነው። እዚያ ላይ የሚረዳችሁ ዓይን ነው።

ውኃው የሚጨምረው

ሚዛናችሁ ባለ 0.01 ከሆነ ሌላ ነገርም ይሠራል፤ ማዕድኑን ይጠይቃል። ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት፣ ታቹንም ጎኑንም ሳይነካ። የሚታየው ቁጥር ሳንቲሙ የያዘው ቦታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። በደረቁ የመዘነውን ለዚህ ቁጥር አካፍሉት። 90 በመቶ ብር 10.3 ገደማ ይሰጣል፣ 22 ካራት የወርቅና መዳብ ቅይጥ 17.6 አካባቢ፣ ንጹሕ ወርቅ 19.3። መዳብ 8.96 ነው፣ ዚንክ 7.14፣ ብረት 7.87። እርሳስ 11.34 ስለሆነ ለብር ቅርብ ነው፤ ተበስቶ በእርሳስ የተደፈነ የብር ሳንቲም በዚህ ፈተና ሊያመልጥ ይችላል። ተንግስተን ደግሞ 19.25 ስለሆነ ንጹሕ ወርቅን አስመስሎ ያልፋል። ውኃው ላይ አረፋ ከተጣበቀ ውጤቱ ይበላሻል፣ ጠብታ ሳሙና ጨምሩበት። ባለ 0.1 ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ ለዶላር እንኳ መልሱ ከ10.1 እስከ 10.5 ይዋልላል። ለሶቨሪን ደግሞ ቦታው 0.45 ገደማ ብቻ ስለሆነ ባለ 0.01ም ይሳሳል፣ ባለ 0.001 ይመረጣል። የሚያምር፣ ያልተነካ፣ ፊቱ የሚያበራ ሳንቲም ግን ውኃ ውስጥ አታስገቡ።

እንግዲህ የቱን ልግዛ ለምትሉ፦ ከኪስ ሳንቲም ውስጥ ብርና መዳብ ለምትለዩ ባለ 0.1። የብር ዶላር፣ ጠገራ፣ የአንድ አውንስ ወርቅ ለምትሰበስቡ ባለ 0.01፣ አቅሙ 100 ወይም 200፣ ከባለ 100 ግራም ኤም 1 መለኪያ ጋር። ሶቨሪንና ከሱ የሚያንስ ወርቅ፣ ወይም የጥንት ትንንሽ ብር ለምትገዙ በዚያ ላይ ባለ 0.001፣ መከለያ ያለው። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከውድ ሚዛን ያለ መለኪያ፣ መካከለኛ ሚዛን ከጥሩ መለኪያ ጋር ውሰዱ።

የኔ ሞርጋን 26.58 ነበር ብያችኋለሁ። ከተፈቀደው ዝቅተኛ 0.05 የጎደለ። መለኪያዬን አስቀመጥኩ፣ 100.00 አለ። በካሊፐር ለካሁት፣ ስፋቱ 38.1 ሚሊ ሜትር፣ ልኩ ነው። ውኃ ውስጥ አንጠለጠልኩት፣ 2.58 አነበበ። 26.58 ለ2.58 ሲካፈል 10.30። ብር ነው። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ፊቱን አየሁ። ከሴቲቱ ምስል ጆሮ በላይ ያለው ፀጉር ለስልሶ ተያይዟል፣ በጀርባው የንስሩ ደረት ላባ ጠፍቷል። ብዙ እጅ የዞረ ዶላር ነው። ፖስታው ላይ ክብደቱንና ቀኑን ጽፌ፣ የትኛው ሚዛን እንደሆነም ጨምሬ፣ ቦታው መለስኩት።